ማሊያን በመቀስ ለሚያከብሩት ለክቡር ሚስተር ሄይዝልበርን

ለክቡር ሚስተር ብራድፎርድ ሄይዝልበርን
የሄይዝልበርን የስፖርት መታሰቢያ ካርዶች ኩባንያ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ፕሬዚዳንት ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበረው ቤተሰብዎ፣ በሥርዎ ያሉት ሠራተኞችና በተለይም መቀሶችዎ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ ጥልቅ አክብሮት የተሞላበት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከጉልበት ቁርጥማትና ባለፈው ኅዳር ከጀመረኝ አንድ ሌላ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ስለ ሁለተኛው ሕመም ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም፤ እፍረት መሆኑን ያለ ሐኪም አውቀዋለሁና።

ክቡርነትዎ በየቀኑ ብዙ ፊርማ ስለሚያዩ የእኔን ላያስታውሱት ይችላሉ። ኦሪን ፔቲግሩ እባላለሁ። እዚህ አዮዋ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው በካልደር ፌሪ ከተማ፣ «ጀልበኞቹ» ለሚባለው ትንሽ የቤዝቦል ክለባችን ለሠላሳ ስምንት ዓመት የመልበሻ ክፍል ኃላፊ ሆኜ አገልግያለሁ። ኃላፊ ሲሉት ሹመት ይመስላል እንጂ ሥራው ማሊያ ማጠብ፣ የተቀደደ መስፋት፣ ጫማ ከጭቃ ማላቀቅና ሃያ አምስት ጎረምሳ የትም የሚጥለውን ፎጣ መልቀም ነው። የድዊት ሶሬልን አሥራ አራት ቁጥር ማሊያ «እያንዳንዱ ክር የእሱ ነው» ብዬ ፈርሜ ለድርጅትዎ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።

ዘግይቶም ቢሆን በሰኔ ወር የጻፉልኝ የምስጋና ደብዳቤ በሰላም ደርሶኛል። ማሊያው ሁለት መቶ አሥር ቦታ በተሳካ ሁኔታ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ካርድ ላይ ተለጥፎና በፕላስቲክ ታሽጎ ለአድናቂዎች መቅረቡን ስላበሠሩኝ፣ የድዊት ጓንትና ዱላም እጄ ላይ ካለ በዚያው በለመድኩት ደግነት እንድልክልዎ ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መልሴን በግል መላክ እችል ነበር። ነገር ግን ማሊያውን ለእርስዎ ሰው ሳስረክብ ደረቴን ነፍቼ ፎቶ የተነሣሁት በዚህችው በካልደር ፌሪ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ጸጸቴም በዚያው ገጽ ላይ ቢወጣ ይሻላል ብዬ አዘጋጁን ለምኛለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት የቆረጡት ነገር ምን እንደነበረ ባጭሩ እንዳስታውስዎ ይፍቀዱልኝ፤ ሁለት መቶ አሥር ቦታ የተቆረጠ ነገር ቀድሞ ምን እንደነበረ መርሳት ያለ ነውና።

የዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ድዊት ሶሬል ፀጉሩ እንደቆመ፣ ከትናንት የተረፈ ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍሌ ገባ።

«ኦሪን፣ መርፌህን አምጣ!» አለኝ።

«ምን ቀደድክ ደግሞ?»

«ምንም አልቀደድኩም። ሴት ልጅ ወለድኩ!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። እና እኔ ምን ላድርግልህ፣ ላጥባት?»

«ስሟን ስፋልኝ። እዚህች ጋ፣ ሱሪ ውስጥ የምትገባዋ ጫፍ ላይ። ዳኛው ካየ ከሜዳ ያስወጣኛል፤ ስለዚህ ጉንዳን ብቻ እንድታነበው አድርገህ።»

በቀይ ክር ሰፋሁለት። «አይቪ» ይላል፤ ሦስት ትንንሽ ፊደል፤ ሦስቱም አንድ ላይ ከፖስታ ቴምብር አይበልጡም። የዚያን ዕለት ከሰዓት ድዊት ኳሷን ሦስት ጊዜ ከአጥሩ ማዶ አሻገራት። በክለባችን ታሪክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያንን ያደረገ የለም። በወሩ ትልቁ ሊግ ጠርቶት ሄደ።

እዚህ ላይ የሙያዬን ልማድ ልንገርዎ፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናልና። እንደኛ ባለ ደሃ ክለብ ማሊያ አይጣልም። ተጫዋች ሲሰናበት ወይም ወደ ላይ ሲያድግ እኔ በዚያችው ዕለት መተርተሪያዬን አነሣና ከጀርባው ላይ ስሙን ፈትቼ አወጣለሁ፤ ማሊያውም ታጥቦ፣ ተተኩሶ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስተረትር ኖሬአለሁ። ድዊት ሊሰናበተኝ ሲመጣ መተርተሪያውን ይዤ ስለነበር እጄን ያዘኝ። «ይኼንን አትፍታው። አንተ ጋ ይቀመጥ፤ አይቪ ስታድግ ትወስደዋለች» አለኝ። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሆናት ድዊት በበረዶ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ።

አይቪ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አደራዬን ላስረክብ ማሊያውን በወረቀት ጠቅልዬ ቤቷ ሄድኩ። አልተቀበለችኝም። «እዚያው ይሁን አጎቴ» አለችኝ፤ «እኔ ቤት ከገባ ልብስ ነው የሚሆነው። እዚያ ሰው ያየዋል።» ስለዚህ በስታዲየሙ መግቢያ ላይ በመስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልነው። የውድድር ዘመን በተከፈተ ቁጥር በመጀመሪያው እሑድ ትመጣለች፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቁልፉ እኔ ጋ ስለነበር እከፍትላታለሁ፤ የማሊያውን ጫፍ ገልበጥ አድርጋ ስሟን በጣቷ ትነካና «አለሁ» ብላ ትስቃለች። ዛሬ የከተማችንን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ ትልቅ ሴት ናት። ቁልፉ የእኔ፣ ማሊያው የእሷ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ነጩ ጓንት። ማሊያውን እንዲረከቡ የላኳቸው ሚስተር ኬንድል ለጋ ጥጥ የሚመስል ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደሚታቀፍ በሁለት እጃቸው ስለታቀፉት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እኔ በባዶ እጄ፣ በሳሙናና በብሩሽ ስፈትገው የኖርኩ ሰውዬ፣ ምን ያህል ባለጌ እንደነበርኩ የዚያን ዕለት ተረዳሁ። እኒያን ጓንቶች ማሊያው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሲጋደምም አላወለቋቸውም ብዬ አምናለሁ።

ሚስተር ኬንድል ከርክክቡ ቀደም ብለውም መጥተው ምሳ ጋብዘውኝ ነበር። ከዳቦው አልፎ በሁሉም አቅጣጫ የሚንጠለጠለውን የኛን አገር የአሳማ ጥብስ ሳንድዊች በቢላና በሹካ ሊበሉ ሲታገሉ እያየሁ፣ እኔ በሆዴ እስቅ ነበር። እሳቸው ግን በምን እንደምያዝ ከእኔ በተሻለ ያውቁ ነበር። «እርስዎ ባይኖሩ ይህ ታሪክ የት ይገኝ ነበር! ስምዎ በካርዱ ጀርባ ላይ እንዲሰፍር እናደርጋለን» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ስሜ የተጻፈበት ነገር ቢኖር የመብራት ቢልና የቤተ ክርስቲያን የድንች መላጥ ተረኞች ዝርዝር ነው። ሳንድዊቹን ሳልጨርስ ፈረምኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ በድዊት ማሊያ ልደምቅ አማረኝ።

፪ኛ. ስለ ውሉ ቋንቋ። ማሊያው «ለብዙ አድናቂዎች ተደራሽ እንዲሆን ይደረጋል» የሚለው የውልዎ አገላለጽ እጅግ የተዋበ ነው። እኛ አሳማ አርደን ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ስንካፈል ያልሰለጠንን ስለሆንን «ቆራረጥነው» ነው የምንለው። ወደፊት አሳማውንም ተደራሽ እናደርገዋለን።

ሆኖም ሐቁን መደበቅ አልችልም። በሦስተኛው ገጽ ላይ «ይቆረጣል» የሚለው ቃልም በግልጽ ተጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። መነጽሬን አድርጌ ነበር። ይህን እዚህ የምጽፈው ለአይቪ ሌላ ነገር ስለነገርኳት ነው። ፎቶዬን ጋዜጣ ላይ ያየች ዕለት አውቶቡሱን በሬ ላይ አቁማ ገባችና «አጎቴ፣ የአባቴን ማሊያ የት ሊወስዱት ነው?» አለችኝ። «ፎቶ አንሥተው ይመልሱታል» አልኳት። ካርዶቹ ገበያ ላይ ሲወጡ ደግሞ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና «ቆረጡት እኮ! አጎቴ፣ ቆረጡት!» ስትል፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ያ ባለ ነጭ ጓንት አታለለኝ፤ እኔ መች አነበብኩት» አልኳት። ሚስተር ኬንድል አላታለሉኝም። እዚህ ላይ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ እርስዎም በተመቸዎ ጊዜ ይህን ያንብቡላቸው።

፫ኛ. ስለ መዝገብዎ ሊቃውንት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የጻፉትን መግለጫ በአድናቆት አንብቤዋለሁ። በተለይ ከቀኝ ክርን ላይ ስለተወሰዱት ስምንት ቁራጮች «ሦስቱን ኳሶች ከአጥር ያሻገረው ታሪካዊ ክንድ የዳሰሰው» ተብሎ የተጻፈው ዓይኔን በእንባ ሞልቶታል። ድዊት በዚያ ዓመት ቤዝ ላይ ቀድሞ ለመድረስ መሬት ለመሬት ሲንሸራተት ክርኑ ላይ ስለተቀደደበት፣ በዚያው ሳምንት ከተሰናበተው ከኤልሮይ ክዊምቢ ማሊያ ላይ ቆርጬ የጣፍኩለት ነው። ክዊምቢ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጨዋታ እንኳን ያላሸነፈ ኳስ ወርዋሪ ነበር። አሁን ትራክተር ይሸጣል። ነገሩን ስነግረው በስልክ እስኪያስለው ሳቀ።

«ኦሪን ሙት በለኝ! ማንም ክለብ ያልፈለገው ክርኔ ዛሬ በፕላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል? ሚስቴን ጥራልኝ፣ ትስማ!»

«ሯጮች እየተንሸራተቱ የሚደርሱበት የሦስተኛው ቤዝ ቀይ አፈር የነካው» የተባለው ቁራጭ ደግሞ ሰናፍጭ ነው። ቁም ሳጥኑን ስወለውል ምሳዬ ተንጠባጥቦብኝ፣ ብፈትገው ብፈትገው አለቅ ያለኝ የራሴ ሰናፍጭ ነው። እነዚህን ካርዶች የገዛችሁ ሰዎች ጋዜጣችንን የምታነቡ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ስትጠይቁ ይህን ደብዳቤ ማስረጃ አድርጉት። «እያንዳንዱ ክር የእሱ ነው» ብዬ የፈረምኩት እያወቅኩ ነው። በድሮ ጊዜ እኔም ጨርቅ እቆርጥ ነበር፤ ያንን የማደርገው ግን አንዱ ሰው ራቁቱን እንዳይሮጥ ነበር።

፬ኛ. ስለ ስሜ። ቃልዎን ጠብቀው ስሜን በካርዱ ጀርባ ስላሰፈሩልኝ አመሰግናለሁ። ለማግኘት የማጉያ መነጽር መዋስ አስፈልጎኛል። እዚያም የተጻፈው «በኦሪን ፔቲግሩ ምስክርነት» ተብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ አንድ ጠበቃ የሆነ የጎረቤቴ አማች ግን ትርጉሙን በደግነት አስረዳኝ፤ ነገሩ ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ለማሳወቅ የገባ ነው አለኝ። ስሜ የተጻፈው ለክብር ሳይሆን ለዋስትና መሆኑን ስረዳ ሚስተር ኬንድልን በምሳው ሰዓት በሆዴ የሳቅኩባቸው ትዝ አለኝ።

፭ኛ. ይህኛው አቤቱታ እርስዎን አይመለከትም። ሆኖም ቁጥር የያዘ ወረቀት ስለሚወዱ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አይቪ ማሊያው መቆረጡን ካወቀች በኋላ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን መጣችና «በቃ፣ የሆነው ሆኗል። አንተም ሽማግሌ ነህ፣ አታለሉህ» አለችኝ። «ሁሉንም አልፈልግም አጎቴ። ያቺን ጫፏን ብቻ ካገኘሁ ይበቃኛል፤ ቀይ ክር ያለባትን።»

ከዚያ በኋላ መግዛት ጀመረች። የአውቶቡስ ሾፌር ደመወዝ ምን እንደሆነ እርስዎ አይጠፋዎትም ብዬ ልለፈው። አንድ ካርድ በደረሳት ቁጥር እኔ ማእድ ቤት ይዛ ትመጣለች፤ ጨርቁን ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም ብላ። ሰብሳቢዎች ቢያዩ ራሳቸውን የሚስቱበትን ነገር ታደርጋለች፤ ማሸጊያውን በኩሽና ቢላዬ ትሰነጥቀውና ቁራጯን አውጥታ ግራ ቀኝ ትገለብጣታለች። «ይቺስ አጎቴ? ከታች ነች ከላይ?» ትለኛለች። እኔም ሩባርብ በሚባል ጎምዛዛ አትክልት የጋገርኩትን ፓይ እየቆረስኩላት «ይቺ ከትከሻ ነች»፣ «ይቺ ከደረት ነች» እላታለሁ። በአውቶቡሷ የምትመላልሳቸው ልጆች ሳይቀሩ በየቤታቸው እንዲፈልጉላት አደራ ብላቸው ነበር። ከኅዳር እስከ ሐምሌ እንዲህ ሆነ። ዘጠኝ ካርድ።

ቀይ ክር የለም፣ ክቡር ሆይ። ቀይ ክር ያለበት ቁራጭ እርስዎም ጋ፣ የትም የለም። የድርጅትዎ የማስረከቢያ መመሪያ ስድስተኛው አንቀጽ «ከጨዋታው ጋር ግንኙነት የሌለው የእጅ ጽሑፍ፣ ጥልፍ ወይም ምልክት ያለበት ልብስ ተቀባይነት አይኖረውም» ይላል። ማሊያው ተቀባይነት አጥቶ ቢመለስብኝ፣ ካርዱ ላይ ይወጣል የተባለው ስሜም አብሮ እንደሚቀር ገባኝ። ሚስተር ኬንድል ማሊያውን ለመረከብ ተመልሰው ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ማሊያውን ማእድ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ገልብጬ አነጠፍኩና መተርተሪያዬን አንሥቼ አይቪን ፈታኋት። እንቁላል ተቀቅሎ እስኪበስል እንኳ አልፈጀብኝም። ለተሰናበተ ተጫዋች ሁሉ የማደርገውን አደረግኩላት። ከዚያ በካውያ ተኮስኩት፤ ወደ መብራት አስጠግቼም አየሁትና ምን ዓይነት ንጹሕ ሥራ ነው ብዬ ተደሰትኩ። የሰፋሁት በእነዚሁ እጆች ነበር። አባቷ እጄን ይዞ አትፍታው ያለኝ እኔን ነበር።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ስምንት ወር ዝም አልኩ። እያንዳንዱን ካርድ ስትሰነጥቅ ልንገራት እልና፣ የሚቀጥለውን ከገዛች በኋላ ይሻላል እላለሁ። ሁለት መቶ አሥር ካርድ ስላለ ጊዜ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ አሥረኛውን ይዛ መጣች። ገና በር ላይ ሆና «አጎቴ፣ ይቺ ሳትሆን አትቀርም! ጠርዟ ላይ ቀይ ነገር ይታየኛል!» አለችኝ። ቀዩ ነገር የማሊያው ቁጥር ቀለም ነበር። ቢላዋን ስታነሣ አላስችል አለኝና እጇን ያዝኩት።

«አይቪ፣ አትፈልጊው። የለም። ሳልሰጣቸው በፊት እኔው ፈትቼዋለሁ» አልኳት።

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ከዚያ ፊቴን አየችው።

«አንተው ሰፍተህ አንተው ፈታኸው?»

«አዎ።»

«እና እኔ ይኼን ሁሉ ስገዛ ፓይ እየቆረስክ ታየኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ክሩንስ? ክሩን የት አደረግከው?»

«ጠረግኩት» አልኳት። ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር ጠርጌዋለሁ።

ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። የበላችበትን ሳህን አንሥታ አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታው መለሰች። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ «እነሱ እኮ አያውቁኝም ኦሪን። አንተ ግን ስሜን ታውቀው ነበር» አለችኝ። አጎቴ ሳትለኝ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። አሥሩን ቁራጮች ጠረጴዛዬ ላይ ትታቸው ሄደች።

እንግዲህ ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ከላይ በዘረዘርኳቸው ነገሮች ላይ እርስዎን ለመክሰስ የሚያበቃ ንጹሕ እጅ እንደሌለኝ ይገባኛል። እርስዎ የቆረጡት የማያውቁትን ሰው ልብስ ነው፤ ያም በወረቀት፣ በፊርማና በነጭ ጓንት ነው። ስለሆነም የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ቁራጮቹን በመስኮቱ ብርሃን ስገለባብጥ የሙያዬን ትልቁን ምሥጢር አስታወስኩ። ክር ይወጣል እንጂ የመርፌ ቀዳዳ አይወጣም። ካውያ ለጊዜው ይደብቀዋል፤ ከርሞ ግን ይከፈታል። የተሰናበተ ሰው ማሊያ የሰጠሁት አዲስ ተጫዋች ሁሉ ማሊያውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ የቀዳሚውን ስም በቀዳዳ ያነበው ነበር፤ «ኦሪን፣ የሰው መንፈስ ነው እንዴ ያለበስከኝ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ከአይቪ አሥር ቁራጮች አንዱም ላይ ቀዳዳ የለም። ከቀሩት ሁለት መቶ አንዱ ላይ ግን አለ። ካርዱ እጃችሁ የገባ ሰዎች ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። ክቡርነትዎም በመጋዘንዎ የቀረ ካለ ሠራተኞችዎ ይህንኑ እንዲያደርጉ በትሕትና እለምናለሁ።

የድዊትን ጓንትና ዱላ በተመለከተ፣ ማሊያው ተሰቅሎበት በነበረው ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። የመስተዋቱን ቁም ሳጥን ቁልፍ ሰኞ ጠዋት ለክለቡ ጽሕፈት ቤት አስረክቤ፣ ከአይቪ ሶሬል በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ፊርማዬ ምን ያህል እንደሚታመን እርስዎ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሁለት ምስክር አስፈርሜበታለሁ።

የመቀስዎ ስለት እንዳይደነዝዝ፣ የጓንትዎም ንጣት እንዳይቆሽሽ ለዘወትር እየተመኘሁ፣ በሥራዎ እየተደነቅኩ፣ በራሴ ሥራ ግን ቀና ብዬ በከተማዬ መንገድ መሄድ አቅቶኝ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ምስክርና ዋስ፣
ኦሪን ፔቲግሩ
የቀድሞ የመልበሻ ክፍል ኃላፊ
ካልደር ፌሪ፣ አዮዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ላስረክብ ስል የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ድርጅትዎ የሚያሳትመውን የሐምሌ መጽሔት አሳየችኝ። በአራተኛው ገጽ ላይ ክቡርነትዎ በቢሮዎ ተቀምጠው፣ ከድዊት ካርዶች ቁጥር አንዱን በፈገግታ ይዘው ይታያሉ። ከሥሩ «ይህችኛዋን አልሸጣትም፤ በሦስተኛው ቤዝ ላይ የተጋጣሚ ጫማ ሹል የበሳቸው ቀዳዳዎች ስላሉባት ለራሴ አስቀርቻታለሁ» ማለትዎ ተጽፏል። በተዋስኩት የማጉያ መነጽር አየሁት። ማሊያው ሱሪ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው፤ የማንም ጫማ እዚያ አይደርስም፤ የጫማ ሹልም ተሰልፎ አይሄድም። ካርዱን በስተኋላዎ ወዳለው መስኮት ያንሡት፤ ሦስት ፊደል ነው፣ ያነቡታል። ካነበቡ በኋላ «አላውቃትም» ማለት ለእርስዎም አይቻልዎትም። ለአይቪ ሲልኩላት ፖስታው ላይ የእሷን ስም ይጻፉ፤ በእኔ በኩል አይላኩት። ከእንግዲህ የእሷን ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው አይደለሁም።